የዳማ ግራ ክንፍ

መቀሱ የአባቷ ነበር፤ ወፍራም ካኪ የሚቆርጡበት ትልቁ። ሀጀራ በቀቀኗን፣ እናቷ ዶሮ እንደምትይዘው አድርጋ፣ ብብቷ ሥር አጥብቃ ይዛ ግራ ክንፏን ዘረጋችው።

«ዝም በይ ዳማ! ላንቺው ብዬ እኮ ነው።»

ዳማ ዝም አላለችም። ጮኸች፤ ተንፈራገጠች፤ በመጨረሻ የሀጀራን አውራ ጣት ነክሳ ያዘች። ሀጀራ ደሟ ፈላና ሳታይ ቆረጠች። መቀሱ አንዴ ቀጭ አለ፤ ደግሞ ቀጭ አለ። አረንጓዴ ላባ ከስፌት መኪናው ሥር ረገፈ። ቀኝ ክንፏን አልነካችውም። አጥር እየዘለለች የሰው ጓሮ የምትገባ ዶሮ በመቱ ከተማ የምትያዘው እንዲህ ነው፤ አንድ ክንፏን ይቆርጡታል፣ ልትበር ስትል ሚዛን ይጎድላትና እዚያው ዞራ ትቀራለች። ሀጀራ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ያየችው ይህንኑ ነው። በቀቀንስ ቢሆን ከዶሮ በምን ይለያል?

በምን እንደሚለይ ያወቀችው ስትለቃት ነው። ዳማ እንደ ልማዷ ወደ ጣሪያው ወራጅ ተነሣች። ግማሽ መንገድ ላይ ሰውነቷ ወደ ግራ ተጠመዘዘ። እንደተወረወረ ጨርቅ ተሽከርክራ ወረደችና የስፌት መኪናው ብረት ላይ በደረቷ ወደቀች። ከተቆረጠው ክንፏ ደም ይንጠባጠብ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«ያ አላህ!» አለች ሀጀራ። «ያ አላህ፣ ምን አደረግሁ!»

ወፊቱ ደግሞ የሷ አልነበረችም።

የዓያንቱ ናት። ዓያንቱ እንደ ሀጀራ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ አባቷ ነገራ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ከሁሩሙ በላይ ካለው ጫካ አንድ ቀን ከማሩ ጋር ከዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገና ላባ ያላወጣች ጫጩት ይዘው መጡ። ዓያንቱም ዳማ አለቻት፤ በኦሮምኛ ማር ማለት ነው። ስታድግ ግንባሯ እውነትም እንደ ማር ቢጫ ሆነ። ጣሊያን ጎሬን ከያዘ በኋላ ነገራ ጠመንጃቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። በግንቦት ደግሞ ዓያንቱ፣ እናቷና ወንድሟ ዲንቃ ተከተሏቸው። የመሄጃዋ ዕለት ዳማን በቅርጫት ይዛ የሀጀራን በር አንኳኳች።

«ጫካ ውስጥ እየጮኸች ታስይዘናለች» አለች። «አንቺ ዘንድ ትቆይ። ግን ከጋሼ ደበሳ በቀር ማንም ክንፏን እንዳይነካት። ክረምት ላይ አዲስ ላባ ታወጣለች፤ አዲሱ ላባ ደግሞ...»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ስንቴ ትነግሪኛለሽ? እኔ ወፍ መያዝ ያቅተኛል?»

ያልጨረሰችው ነገር ምን እንደነበር ሀጀራ አልጠየቀችም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የዳማ ላባ አደገና ከጣሪያ ጣሪያ መብረር ጀመረች። ኢድሪስ የሚባል ከከረን የመጣ የጣሊያን ወታደር፣ ኮቱን ሊያሰፋ የአባቷ የአባስ ሱቅ በመጣ ቁጥር ለውዝ ያበላት ነበር። አንድ ቀን እየሳቀ፣ «ይቺን ወፍ አንድ ቀን ሀገሬ ይዤያት ነው የምሄደው» አለ። ሀጀራ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግሥቱ፣ አባቷ ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱላት፣ ዳማ በርራ ወጥታ እጁ እንዳትገባ መቀሱን አነሣች።

አሁን ወፊቱን በነጠላ ጠቅልላ በጓሮ በኩል ሮጠች። ጋሼ ደበሳ ከቤታቸው ደጃፍ ቁጭ ብለው ቀፎ ይሠሩ ነበር። የነገራ የቀፎ ጓደኛ ናቸው፤ እርጅና ነው ጫካ እንዳይገቡ ያስቀራቸው።

«ማሊ? ምን ሆነች ኢንታላ ኮ?» አሉ፤ ኢንታላ ኮ ‹ልጄ› ማለት ነው። መልስ ሳይጠብቁ ነጠላውን ገለጡ። «ዱቄት! ከማድጋው ላይ ዱቄት አምጪ። ቶሎ!»

ከሚደማው ላባ ላይ ዱቄት ነሰነሱና በጣታቸው ጫፍ በቀስታ ጫን አድርገው ያዙት። ብዙ ቆዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ቁጥር ሀጀራ አላወቀችም። በመጨረሻ ደሙ ቆመ።

«ነይ ያዢልኝ። በጨርቁ እንደተጠቀለለች። ኧረ ደረቷን አትጫኚ! ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሣች ነው፤ ደረቷን ከያዝሽው አንገቷን እንዳነቅሽ ቁጠሪው።» ያልተቆረጠውን ክንፍ ቀስ ብለው ወደ ብርሃን ዘረጉት። «የላባውን አገዳ እይ። ይሄ ነጭ ነው፤ ደርቋል፤ እንደ ጥፍርሽ ነው፣ ቢቆረጥ አያማትም። ይሄ የጠቆረው ግን ገና በማደግ ላይ ነው፤ ውስጡ ደም አለበት። እሱን አትንኪ። ክረምት ላይ ደግሞ ጭራሽ መቀስ አታንሺ፤ አገዳው ሁሉ እስኪነጣ ጠብቂ።»

«ዓያንቱ ልትነግረኝ ነበር» አለች ሀጀራ።

«ሲቆረጥም ከዳር ያሉት አምስት ረጃጅሞች ብቻ፣ ከወገባቸው። በሁለቱም በኩል እኩል። ወፍ ጭራሽ እንዳትበር አይደለም የሚፈለገው፤ ስትወድቅ ተንሳፍፋ ደኅና እንድታርፍ ነው። ዶሮ መሬት ላይ ናት፣ ብትዞርም አትጎዳም። ይቺ የዛፍ ፍጥረት ናት። አንድ ክንፍ ብቻ መቁረጥ ለሷ ከገደል መጣል ነው።» ሚዛኗ እንዲመለስ ብለው በትንሿ መቀሳቸው ከቀኝ በኩል የደረቁትን አራት ላባዎች ከመሐላቸው ቆረጡ፤ የጠቆረውን አምስተኛ ተዉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

ሀጀራ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወታደሩ ነው። ኢድሪስ።»

ጋሼ ደበሳ ወደ ወፊቱ ጎንበስ አሉ። ከተቆረጠው ላባ መካከል አንዲት የካኪ ክር በሁለት ጣታቸው መዘው አወጡ፤ ልብስ ሰፊ ቤት ያለ መቀስ ላይ የምትቀር ዓይነት ክር። ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። አዩዋት። ወደ ቀፏቸው ተመለሱ።

ውሸት እግር የለውም ያለው ማነው? በማግሥቱ ሀጀራ ለእናቷም ያንኑ ደገመች። እናቷ ለውኃ ቀጂዎች ነገረች። አባቷ የኢድሪስን ኮት ሳይጨርሱ በመስኮት አቀበሉት።

«አቦይ አባስ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ኢድሪስ።

«ሥራ በዝቶብኛል» አሉ አባቷ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

ሀጀራ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ወታደሩ ኮቱን አጣጥፎ ያዘ፤ ከኪሱ አንድ ጭብጥ ለውዝ አወጣና መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ለውዙን ማንም አልነካውም። ዳማም ብትሆን ቅርጫቷ ውስጥ ጥግ ይዛ፣ የሀጀራ እጅ ሲቀርባት ወደ ኋላ ትል ነበር። ዱሮ ትከሻዋ ላይ የምታንቀላፋ ወፍ። ሀጀራ በየሶላቷ መጨረሻ እጇን ትዘረጋለች፤ ግን ከምን እንደምትጀምር ግራ ገብቷት ባዶውን ታጥፈዋለች።

ሦስተኛው ሳምንት፣ የገበያ ቀን፣ ጋሼ ደበሳ በጓሮ በኩል ተጣሩ። «ሀጀራ! ወፊቱን ይዘሽ ነይ።»

እቤታቸው ውስጥ፣ የማር ቅል አጠገብ፣ ሻሽ እስከ ቅንድቧ ያሠረች ሴት ተቀምጣለች። ሻሹን ከፍ ስታደርገው ዓያንቱ ነበረች።

«ወፍረሻል አንቺ!» አለች እየሳቀች።

«አንቺ ደግሞ ጦጣ መስለሻል። ጫካ ውስጥ ማበጠሪያ የለም እንዴ?»

ተቃቅፈው ሳቁ፤ ትንሽም አለቀሱ። ከዚያ ዓያንቱ ቅርጫቱን ከፈተች። በጥርሷ መሐል እንደ ዱሮው በቀስታ አፏጨች። ዳማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ በዓያንቱ ጣት ላይ ወጣችና በአንገቷ ሥር ተሸጎጠች። ዓያንቱ ግራ ክንፏን በጣቷ ዳሰሰች። ሳቋ ጠፋ።

«ሰምተናል» አለች። «ለዲንቃ ገበያተኛ ነገረው። ወንድሜን ታውቂው የለም? ክንፏን የቆረጣት ሰኞ ሰኞ በበቅሎ ደብዳቤ ይዞ ጎሬ የሚወጣው ያ ወታደር ነው አይደል? ዲንቃ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ ሶር ወንዝ መሻገሪያው ላይ ሊጠብቀው ነው።»

ሀጀራ ወደሷ ዞረች። «ለወፍ ብለው?»

«ለወፍ ብቻማ አይደለም። ደብዳቤውን ይፈልጉታል። መጀመሪያ የታሰበው አድፍጦ በቅሎውን ከነደብዳቤው መንጠቅ፣ ሰውየውን መልቀቅ ነበር። የዳማን ነገር ሲሰማ ግን ዲንቃ፣ ‹ወፍ እንኳ የማይምር ሰው አይለቀቅም› ብሎ ማለ።» ዓያንቱ ወደ በሩ አየች። «ገበያው ሳይበተን መሄድ አለብኝ። ማታ እደርሳለሁ። ዳማን ይዤያት ልሂድ ወይስ አንቺ ዘንድ ትቆይ? አንቺ ዘንድ ይሻላታል። ካንቺ በላይ የማምነው የለኝም።»

ከሰኞ በፊት የቀረው አንድ ቀን ነው። ሀጀራ ጋሼ ደበሳን አየች። ሽማግሌው ቀና አላሉም። ከመደቡ ጥግ ላይ ግን ያቺ የዚያን ዕለት ያወጧት የካኪ ክር በትንሽ ጠጠር ተጭና ተቀምጣ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቋትም።

«ቆዪኝ» አለች። «አንዴ ብቻ ቆዪኝ።»

በጓሮው ሮጠች። ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ቋጥራ የደበቀችውን አወጣች። ትልቁንም መቀስ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። አባቷ ከሚሰፉት ቀና ብለው፣ «ወዴት ነው መቀሴን ይዘሽ?» አሏት።

«እመልሰዋለሁ አባዬ። ስመለስ ለርስዎም የምነግርዎ አለኝ።»

ስትመለስ ዓያንቱ ሻሿን አሥራ ቆማ ነበር። ጋሼ ደበሳ የሀጀራን እጅ አዩ። በርጩማቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወደ ውጭ ወጡና፣ ማንም እንዳይገባ በሩ ላይ ተቀመጡ።

«ቁጭ በይ» አለች ሀጀራ።

«ይመሽብኛል እኮ!»

«ቁጭ በይ ዓያንቱ። ከዚህ በኋላ ባታምኚኝም፣ ዳማንም ይዘሻት ብትሄጂ፣ ለዲንቃ ግን ይሄን ሳትነግሪው እንዳታድሪ።»

መቀሱን መደቡ ላይ አስቀመጠች። ከጎኑ ቋጠሮውን አኖረች። አረንጓዴዎቹን ላባዎች ያሠረውን ጨርቅ መፍታት ጀመረች።