የመቶ አለቃ ግዛው ባራኩዳ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ የጄኔቫን ሐይቅ እየገረፈ የዳርቻውን አግዳሚ ወንበሮች በረዶ ባለበሰበት ሰሞን፣ መቶ አለቃ ግዛው አበጀ ፕላንፓሌ በተባለው የከተማው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው፣ መስኮት አጠገብ ቆመው ስለ አንድ ዓሣ ይጨነቁ ነበር።

መቶ አለቃ የሚለው ማዕረግ ራሱ ታሪክ አለው። ግዛው ከንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ሲሰናበቱ አሥር አለቃ ነበሩ፤ ሥራቸውም በምጽዋ የጦር ሰፈር የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊነት ነበር፤ መርከብ ላይ በወጡ ቁጥር ያስመልሳቸው ስለነበረ ከወደቡ ርቀው የሄዱት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃ የሆኑት ጄኔቫ በገቡ በአምስተኛው ዓመት፣ አንድ ክርስትና ላይ ነው፤ መቶ አለቃነቱ ደግሞ በጄኔቫ ሐበሾች ማኅበር ምርጫ ሰሞን መጣ። ማንም አልሾማቸውም፤ ሰው አክብሮ ሲጠራቸው አላረሙም፣ ያ ብቻ ነው።

የገነኑት ግን በዓሣው ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዳህላክ ደሴቶች፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ነጭ አሸዋ ላይ ቆመው፣ በቀጭን የማጥመጃ ዘንግና ዓሣ ማታለያ ከላባ በተሠራ ዝንብ፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ባራኩዳ መያዛቸውን ጄኔቫ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም። እውነቱ ሌላ ነው። ዘንጉ የአንድ እንግዳ የውጭ አገር መኮንን ነበር፤ መኮንኑ ላቡን እስኪጠርግ ግዛው ያዙለት፤ በዚያች ቅጽበት ባራኩዳው መጥቶ ክሩን በጥርሱ ቆርጦ ሄደ፤ መኮንኑም በማያውቁት ቋንቋ ረገም አደረጋቸው። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሕብስት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ታሪኩ በተነሣ ቁጥር ሥራ ያገኙ ይመስል ወደ ወጥ ቤት ይገቡ ነበር።

ጭንቀቱ የመጣው ከአድሊስቪል ነው። ልጃቸው ሐሴት ከዙሪክ ወጣ ባለችው በዚያች ከተማ ከባሏ ከነህምያ ጋር ትኖር ነበር፤ ነህምያ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው እንደ ነገሩ የሆነ፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ልጅ ነው። የአማቱ ሰባኛ ዓመት መድረሱን አስቦ አንድ ቀን ደወለ።

«አባባ፣ ቡኽን አድርገናል! ትኬት፣ ሆቴል፣ ሁሉም አልቋል። ከፋሲካ በኋላ ሲሼልስ እንሄዳለን። ቦንፊሽ የሚሉት ዓሣ አለ፣ ባራኩዳም አለ። እርስዎ ያሳዩኛል፣ እኔ እማራለሁ።»

«አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ?» አለች ሐሴት ስልኩን ነጥቃ። «ደስ አላለህም እንዴ?»

«ደስታው ነው ልጄ፤ አፌን ያዘኝ» አሉ መቶ አለቃ። ይህስ እውነት ነበር፤ የያዛቸው ደስታው አልነበረም እንጂ።

ወይዘሮ ሕብስት ነገሩን ሲሰሙ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሳቁ። «እንግዲህ ወይ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ ትማራለህ» አሏቸው። መናገሩ ከበዳቸውና መማሩን መረጡ።

አስተማሪያቸው ፍራው ሚሪያም የምትባል ጡረተኛ የስፖርት መምህርት ነበረች፤ የምታስተምረውም ከአድሊስቪል ዝቅ ብሎ፣ በሲል ወንዝ ዳር ባለ ሣር ላይ ነው። መቶ አለቃ ልጄን ልጠይቅ እያሉ በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ይጓዛሉ፤ ሐሴት ከሥራ እስክትመለስም ዘንግ ሲያወናጭፉ ይውላሉ። በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ በፈረንሳይኛ ጠየቀቻቸው።

«ከዚህ በፊት ምን ይዘው ያውቃሉ?»

«ባራኩዳ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ጫፉ ላይ ምን ዓይነት ሽቦ አስረው ነበር?»

«የምን ሽቦ?»

«ባራኩዳ ጥርሱ ምላጭ ነው፤ ክሩ ጫፍ ላይ ሽቦ ካልታሰረ ቆርጦት ይሄዳል።» ትንሽ አየቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግድ የለም፤ ከመጀመሪያው እንጀምር።»

በአርባ ዓመት ውስጥ ሰው ሲነቃባቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ አፈሩ፤ በማፈራቸው ውስጥ ግን አንዳች ቅልል የሚል ነገር አገኙበትና ተገረሙ።

ጥበቡ ያለው በመጠበቅ ላይ ነው። ክሩ ወደ ኋላ ከተወረወረ በኋላ በአየር ላይ ተዘርግቶ እስኪያልቅ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ወደ ፊት የሚላከው ከዚያ ወዲያ ነው። መቶ አለቃ ትዕግሥት አልፈጠረባቸውም፤ ክሩ አንገታቸው ላይ ይጠመጠማል፤ ፍራው ሚሪያምም ቀስ ብላ ትፈታላቸዋለች። ቤታቸው ሲለማመዱ በመንጠቆ ፈንታ ቀይ የሱፍ ክር ጫፉ ላይ እንዲያስሩ አዘዘቻቸው፤ እሳቸው ግን የባሕር ኃይል ሰው በሱፍ አይለማመድም ብለው እውነተኛውን መንጠቆ አሰሩ።

አንድ ቅዳሜ ጧት፣ የፕላንፓሌ ሜዳ በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ተሞልቶ ሳለ፣ ከዳር ቆመው ወደ ኋላ ወረወሩ፤ ወደ ፊት ሲልኩት ክሩ ይዞት የመጣው የሰው ባርኔጣ ነበር። ባለ ባርኔጣው የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ታሪክ ጸሐፊ አቶ ኅሩይ ሆነው ተገኙ። መቶ አለቃ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም፤ አቶ ኅሩይ ግን ባዶ ራሳቸውን እየዳበሱ በአድናቆት ፈዘው ቆመዋል።

«ጆሮዬን እንኳ ሳይነካ! ያውም ዞር ብለው ሳያዩኝ!» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ያልሰማ ምእመን አልነበረም።

መጋቢት ሰባት ቀን የስዊስ መንግሥት ስለ ወረርሽኙ አዋጅ አወጣ፤ ሱቅና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ አውሮፕላኑም ቆመ። መቶ አለቃ ዜናውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ።

«በሰው ሞት ነው የምታመሰግነው?» አሉ ወይዘሮ ሕብስት። መቶ አለቃ አማትበው ቁጭ አሉ።

በዚያ ጸደይ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ አረፉ። መቃብሩ ዳር እንዲቆሙ የተፈቀደላቸው አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አቶ ኅሩይ አፋቸውን ሸፍነው የሟቹን የሕይወት ታሪክ አነበቡ። አንድ ጊዜ ለአንድ ልዑል የመኪና በር የከፈቱት ሰው፣ የልዑላን አማካሪ ተብለው አፈር ለበሱ። አምስቱም እውነቱን ያውቁ ነበር፤ አምስቱም አንገታቸውን ደፉ። መቶ አለቃ ቤታቸው ሲመለሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ሕብስት፣ እኔም ባልያዝኩት ዓሣ ልቀበር ነው እኮ» አሉ። «የራሴ የሆነ አንድ ነገር ሳይኖረኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምዱ ሌላ መልክ ያዘ። ጉዞው ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ እሳቸው ግን በረዶም ሆነ ዝናብ አላስቀራቸውም፤ ሱፉን አስረው፣ ክሩን እየጠበቁ፣ ዓመት ከመንፈቅ ወረወሩ። ፍራው ሚሪያም በመጨረሻው ቀን ምንም አላረመቻቸውም፤ ይህ ከእሷ ትልቅ ምስጋና ነው።

በጥቅምት ወር ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ በሲሼልስ ከነህምያና ከአገሬው የዓሣ ማጥመድ መሪ ጋር ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ቆሙ። ቦንፊሽ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው አሸዋው ላይ የሚሄደው ጥላው ነው። መሪው በጣቱ ጠቆመ፤ መቶ አለቃ ወደ ኋላ ወረወሩ፣ ጠበቁ፣ ላኩ። የላባው ዝንብ ከጥላው ፊት ዝም ብሎ አረፈ፤ ወዲያው ዘንጉ ጎበጠ፤ ክሩ መቶ ሜትር ያህል እየጮኸ ተተረተረ። ተሯሯጡ፣ ወደቁ፣ ተነሡ፤ በመጨረሻ ዓሣው እጃቸው ውስጥ ገባ፤ ግማሽ ሜትር ነው፤ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። በሥፍራው ደንብ መሠረትም መልሰው ለቀቁት፤ ዓሣው ሲሄድ እንባቸው ወረደ።

«ነህምያ፣ የዳህላኩን ባራኩዳ እኔ አልያዝኩትም» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ» አለ ልጁ። «ሲተርኩልኝ ሽቦ አንሥተው አያውቁም፤ ያለ ሽቦ ደግሞ አይሆንማ። ይሄኛው ግን የእርስዎ ነው፤ እኔ አይቻለሁ። ለሐሴትም እነግራታለሁ።»

መቶ አለቃ ልባቸው ሞላ። በኅዳር ወር ማኅበሩ አርባኛ ዓመቱን በጄኔቫ ሲያከብርና አቶ ኅሩይ ያዘጋጁት የታሪክ መጽሔትም ሊታተም ሲል፣ አዳራሹ መካከል ተነሥተው ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ባራኩዳውን አልያዝኩትም። ዘንጉም የእኔ አልነበረም። መቶ አለቃም አይደለሁም። የያዝኩት ይህን ነው» ብለው የቦንፊሹን ፎቶግራፍ ከፍ አደረጉ።

አቶ ኅሩይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አያችሁ ትሕትና? እኛ ያልሠራነውን ሠራን እንላለን፤ እሳቸው የሠሩትን አልሠራሁም ይላሉ!»

«አቶ ኅሩይ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እውነቴን ነው!»

«እናውቃለን መቶ አለቃ፣ እናውቃለን፤ ይቀመጡ አይድከሙ። ያችንም ፎቶ ያስቀምጧት፤ ለስምዎ አትመጥንም።» ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከኋላ አንድ ሰው «ሻለቃ!» ብሎ ጮኸ፤ ብዙዎች ተቀበሉት።

መጽሔቱ በጥር ወር ታተመ። በአርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሻለቃ ግዛው አበጀ በዳህላክ ባሕር ሁለት ሜትር ከሩብ የሚሆን ባራኩዳ እንደያዙና ስለ ራሳቸው ጀግንነት መናገርን አጥብቀው የሚጠሉ ሰው እንደሆኑ ተጽፏል። ታሪክ የሚያስታውሰው የተጻፈውን ነው፤ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ ሰው ሊሰማው የወደደው ነው። ጥቅምት ሃያ አራት ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት በገዛ እጃቸው አንድ ዓሣ ይዘው መልቀቃቸው ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የለም።

ወይዘሮ ሕብስት ገጹን አንብበው ሲጨርሱ መጽሔቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ባላቸውንም አዩአቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«በል እስቲ፣ ያን ትንሹን ዓሣ ንገረኝ» አሏቸው።

«ስንት ጊዜ ነገርኩሽ።»

«አሁንም ንገረኝ። እኔ አምንሃለሁ።»

ሻለቃ ግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ውኃው ምን ያህል ይሞቅ እንደነበረ ከመናገር ጀመሩ።