ቢጫ የበራባቸው

«ሕመሟን ትተን፣ ልጅዎ ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

አስካለ አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ልጇ ዞረች። የጠየቃት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ የሚመራው ማሽን፣ መዝጋቢው ነበር። እሷ የምታውቀው የመድኃኒቱን ሰዓት፣ ልጇ ረድኤት የምትፈራውን ነገር ሁሉ፣ ሐኪሙም «የጭንቀት ሕመም» ብሎ የነገራትን ብቻ ነው።

በሐይቅ ላይ በተንሳፈፈው በዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚውሉት ከስሜት መብራት ሥር ነው። መብራቱ ከጣሪያ ሆኖ የልብ ምት ያነብና ጭንቀት ባየበት ተማሪ ትከሻ ላይ ቢጫ ያበራል። ቢጫ የበዛበት ወደ ማዶው ሕንፃ ይዛወራል። ዛሬ ተራው የረድኤት ነበር። አስካለ ፊደል የቆጠረችው ዘንድሮ ነው፤ ወደ ማዶ በሚያሻግረው በር ላይ የተጻፈውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ «ለብቻ መማሪያ»።

«ለራሷ ብለን ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ አቶ ደጀኔ። «እዚያ ጸጥታ አለ።»

«ጓደኛስ አለ?»

አቶ ደጀኔ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። መዝጋቢው የመጀመሪያ ጥያቄውን ደገመ፤ «ልጅዎ ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

«እኔ ልመልስላት» አለች ረድኤት ተነሥታ። ትከሻዋ በርቷል። «ጀልባ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ሰጠመ፣ ሁለተኛውም ሰጠመ፤ አሁን ሌላ ጀምሬያለሁ። ሰው ማሳቅ እችላለሁ። እጨነቃለሁ፤ ጭንቀቱ ግን እኔን አያክልም።»

አስካለ ልጇን እንደ አዲስ ሰው አየቻት።

በዚህ መሐል ጣሪያው ተንጣጣ። መብራቱ ተማሪዎችን ብቻ እንዲያነብ የሚያደርገው ገደብ ተበላሽቶ ኖሮ አዳራሹ በሙሉ ቢጫ ሆነ። የወላጆች ትከሻ በራ። የመምህራን ትከሻ በራ። የአስካለም በራ።

«እማዬ፣ አንቺማ ፋኖስ ሆነሻል!» አለች ረድኤት።

«ጋሽ ደጀኔን አላየሽም? ፀሐይ ሆነዋል እኮ!» አለ አንድ አባት።

አቶ ደጀኔ አቧራ እንደሚያራግፉ ትከሻቸውን መቱ። ብርሃኑ አልለቀቀም። «እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ» አሉ በቀስታ።

«በደንቡ መሠረት» አለ መዝጋቢው፣ «ቢጫ የበራባቸው በሙሉ ወደ ማዶ ይዛወራሉ።»

«ኧረ ብልሽት ነው፣ አጥፉት!» አለች አንዲት መምህርት።

«የተበላሸው ማንን እንደሚያነብ የሚለየው ነው» አሉ አቶ ደጀኔ። «ያነበበውስ እውነት ነው።» ኮታቸውን አነሡ።

ረድኤት የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ማዶ በሚያሻግረው በር ፊት ፊት ወጣች። ወላጆቹና መምህራኑ ተከተሏት፤ በመጨረሻም አቶ ደጀኔ። በአዳራሹ የቀረው መዝጋቢው ብቻ ነበር።