ሃያ ሰባት ነበር

ቬስካ መሞት አልነበረባትም። የገደላት የድምር ስህተት ነው፤ የደመረችው ደግሞ ሲግሪድ ናት።

በመጀመሪያ ይህን ከሲግሪድ በቀር ማንም አላወቀም። እሷም ብትሆን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ የቬስካ ወረቀት ግድግዳው ላይ ከተቸነከረ፣ ማይ ኔንግም ካፖርቷን ለብሳ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በወረቀትና በዳይስ የሚሄድ የተረት ጨዋታ ሊጫወቱ፣ አራት ሆነው የላይል ቤት ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። የላይል አባት ያደነው አጋዘን የታጨቀበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ጥግ ላይ ያጉረመርማል። ላይል፣ ኦጊና ማይ ኔንግ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይጫወታሉ። ሲግሪድ ደግሞ አጫዋች ናት፤ ጭራቁም፣ ድልድዩም፣ ዝናቡም የእሷ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የጨዋታውን ህግ ከሁሉም በላይ ታውቃለች፤ ማወቋንም አትደብቅም።

ቬስካ የማይ ኔንግ ጀግና ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጫወተችው እሷን ብቻ ነው። መልኳን ራሷ፣ የቬስካ ነፍስና ጉልበት በሚጻፍበት ወረቀት ጥግ ላይ በእርሳስ ሥላዋለች፤ ፀጉሯንም ሦስት ጊዜ አጥፍታ ደግማ ስለሣለችው ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል።

የዛሬው ጨዋታ ያለቀው ድልድይ ላይ ነው። ጓደኞቿ ወንዙን እስኪሻገሩ ቬስካ ብቻዋን ከጭራቁ ፊት ቆመች። በተመታች ቁጥር ከሚቀነስባት ነጥብ ሃያ ዘጠኝ ነፍስ ቀርቷት ነበር። ሲግሪድ ለጭራቁ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ወረወረችለት። ዳይሱ ተንከባለለ፣ የኦጊን ብርጭቆ ነካ፣ ቆመ። ሃያ።

«ኧረ በናትሽ!» አለ ኦጊ።

ሃያ ሲወጣ ምቱ ተራ ምት አይደለም። በእነሱ ጠረጴዛ ህግ የጉዳቱ ዳይስ በእጥፍ ይጣላል፤ ሁለት የነበረው አራት ይሆናል። የመቺው የጉልበት ጭማሪ ግን አይታጠፍም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይደመራል። እጥፍ የሆነው ዕድሉ ነው እንጂ ጡንቻው አይደለም።

ሲግሪድ አራቱን ባለ ስምንት ገጽ የጉዳት ዳይስ ሁሉም እያዩ ጠረጴዛው መሃል ጣለች። የጭራቁ ጭማሪ ስድስት ነው።

«ሠላሳ ሦስት» አለች ወዲያው።

ማንም አልቆጠረም። ሲግሪድ ስትደምር ማንም አይቆጥርም።

ማይ ኔንግ ወረቀቷን አየች፤ ሃያ ዘጠኙን አጥፍታ «ዜሮ» ጻፈች። በእነሱ ጠረጴዛ ነፍስ ዜሮ ገባ ማለት ሞት ነው፤ መዳኛ የለውም። የሚሞት ሰው ግን የመጨረሻ ነገር ይፈቀድለታል።

«ጭራቁን አየዋለሁ» አለች ማይ ኔንግ ቀስ ብላ። «‹አብረን ነው የምንወርደው› እለዋለሁ። ከዚያ የድልድዩን ገመድ እቆርጠዋለሁ።»

ኦጊ ማኘኩን አቆመ። ላይል ዓይኑን ጠረገና አቧራ ገባብኝ አለ። ማይ ኔንግ መዶሻውን ከመደርደሪያው አንሥታ፣ ከማቀዝቀዣው በላይ ከተቸነከሩት የሰባት ሙታን ጀግኖች ወረቀቶች አጠገብ የቬስካን ወረቀት ራሷ ቸነከረች። ደንባቸው ነው፤ ሟቹን የሚቸነክረው ባለቤቱ ነው። ላይልም በበኩሉ የመስታወት ሳህን አምጥቶ አራቱን ዳይሶች እንዳረፉ ከደናቸው። ይህም ደንብ ነው። የገደለ ዳይስ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይታሰራል፤ አይነካም፣ አይገለበጥም።

«ቅዳሜ አዲስ ጀግና ይዘሽ ትመጫለሽ አይደል?» አለቻት ሲግሪድ፣ ማይ ኔንግ ደረጃው ላይ ቦቲ ጫማዋን ስታስር።

«እንጃ» አለች ማይ ኔንግ ቀና ሳትል። «እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ እንዳግዛት ስትለምነኝ ከርማለች። ቬስካን ሰበብ አድርጌ ነበር የማመልጣት። አሁን ሰበቡም ሞተ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ግን አሪፍ አሟሟት ነበር። አመሰግናለሁ።»

አመሰግናለሁ ብላ ሄደች።

«ሲግ፣ ዛሬስ አበድሽ!» አለ ላይል፣ ገና በሩ ሳይዘጋ። «በሁለት ዓመት እንዲህ ዓይነት ቀን አልተጫወትንም። ገመዱን ስትቆርጠው ፀጉሬ ነው የቆመው!»

ሲግሪድ ፈገግ አለች። እውነት ነው፣ አሪፍ ነበር፤ ያንን ጭራቅ ሦስት ሳምንት ስታስብበት ነው የከረመችው። ቁጥሮቹን ማስታወሻዋ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወጣችና ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለች። ስድስት፣ ሰባት፣ ሦስት፣ አምስት። ሃያ አንድ። ሲደመር ስድስት።

ሃያ ሰባት።

እንደገና ቆጠረች። ዳይስ ታስሮ ቁጥር አይቀይርም። ሃያ ሰባት ነበር።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባት። ጨዋታውን የተማረችው በዘጠኝ ዓመቷ ከወንድሟ ከአንደርስ ነው። በአንደርስ ጠረጴዛ ሃያ ከወጣ ዳይሱም ጭማሪውም፣ ሁሉም ነገር ይታጠፍ ነበር። እዚህ ግን ሌላ ህግ ነው የተስማሙት። ልቧ ሲመታ ምላሷ ወደ ድሮው ሄደና ስድስቱን ሁለት ጊዜ ደመረችው። የራሳቸው ህግ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አራተኛው መስመር፦ «በሃያ ምት ዳይሱ ይታጠፋል፣ ጭማሪው አይታጠፍም።» የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው።

ሃያ ዘጠኝ ሲቀነስ ሃያ ሰባት። ቬስካ ሁለት ነፍስ ይዛ ድልድዩ ላይ ቆማ ነበር ማለት ነው።

ጆሮዋ ጋለ። ሳህኑን ማንሣት፣ ዳይሶቹን ኪሷ መክተት፣ አበቃ። ደንቡን ጣሰች ብለው ይስቁባት ይሆናል እንጂ ማንም አይቆጥርም።

«ተሳስቻለሁ» አለች።

«ምኑን?» አለ ኦጊ፣ አንድ እፍኝ የአይብ ቁራጭ ወደ አፉ እየላከ።

«ድምሩን። ጭማሪውን ሁለቴ ነው የደመርኩት። ሃያ ሰባት ነው መሆን የነበረበት።»

ላይል መጥቶ ሳህኑ ላይ ተደፋ። ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ድንጋጤም ደስታም ነበር።

«አንቺ? አንቺ ተሳሳትሽ?»

«ሰምተሃል።»

«ቆይ፣ እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት ያችን ጠንቋይ በቀስት ስመታት ሃያ አላወጣሁም? ጭማሪዬን እጠፊልኝ ብዬ ተንበርክኬ አልለመንኩሽም? ‹ግድግዳውን አንብብ› ነው ያልሽኝ። ጠንቋይዋ በሁለት ነፍስ አመለጠች።»

«አዎ። ግድግዳው ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።»

ላይል ወንበሩን ስቦ በግልባጩ ተቀመጠበት። ሲያስብ እንዲያ ነው የሚቀመጠው።

«እሺ፣ እንግዲህ ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተይው። የምሬን ነው። ማይ ኔንግ ደስ ብሏት ነው የሄደችው፤ አመሰግናለሁ ብላሻለች። አሁን ሄደሽ ‹ይቅርታ፣ የሞተችው በከንቱ ነው› ልትያት ነው? ከሁሉ አሪፉን ቀናችንን ታበላሺዋለሽ። ደግሞ ያለቀ ነገር አይመለስም ስትይ የኖርሽው ራስሽ ነሽ።»

ሲግሪድ ማስታወሻዋን ገለጠች። ላይል ብዙ ጊዜ ይቀልዳል፤ አሁን ግን እየቀለደ አልነበረም። ማስታወሻዋ ውስጥ፣ ድልድዩ ላይ ምናልባት ቬስካ ብትሞት ብላ አስቀድማ የጻፈችው ሦስት ገጽ አለ፦ ከተማዋ ለቬስካ ስታለቅስ፣ ወንዙ በስሟ ሲጠራ። ጥሩ ገጾች ናቸው። ቬስካ ከዳነች ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳሉ።

«ኦጊ፣ አንተስ?»

ኦጊ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ እንጃ። ግን ሁለት ነፍስ ቢኖራት ገመዱን ትቆርጠው ነበር?»

«ምናልባት» አለ ላይል።

«ምናልባትም ትሮጥ ነበር» አለ ኦጊ። «እኔ ብሆን እሮጥ ነበር። እግሬ አውጪኝ ነበር የምለው።»

ሲግሪድ የላይልን ፊት አየች፣ ከዚያ ግድግዳውን። ሰባቱንም ሙታን የገደለቻቸው እሷ ነች፤ በትክክለኛ ድምር። ስምንተኛዋ ግን በእርሳስ የተሣለ ፊቷን ይዛ ያለቦታዋ ተቸንክራለች።

«ነገሩ ያ ነው» አለች። «ላትሮጥ ትችላለች። ገመዱን ልትቆርጠውም ትችላለች። ግን ያን የምትወስነው ማይ ኔንግ ነች። እኔ ከእጇ ነጠቅኳት።»

«አታካብጂ እንጂ፤ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ዓይንህ ውስጥ አቧራ ገባ?»

ኦጊ በሳቅ አይቡ ትን አለው። ላይል ቀላ፤ ግን እሱም ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷን ድምርሽን ነው የምቆጥርልሽ» አላት ጣቱን እየቀሰረ። «እያንዳንዷን!»

«ቁጠር። ድሮም መቁጠር ነበረብህ።»

መዶሻውን አነሣች። በሹካው በኩል ምስማሩን ያዘችና ቀስ ብላ ነቀለችው፤ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በግራ እጇ መዳፍ ደግፋዋለች። ከቬስካ ግንባር በላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀረ። ያ አይድንም። ሲግሪድ የማይ ኔንግን እርሳስ ከጠረጴዛው አንሥታ «ዜሮ» የሚለውን ልታጠፋ ላጲሱን አስጠጋች፤ ከዚያ ተወችው። የእሷ ወረቀት አይደለም። እርሳሱንም ወረቀቱንም ማስታወሻዋ ውስጥ ከተተች። ሦስቱን የለቅሶ ገጾች ገንጥላ አወጣችና ለኦጊ ሰጠችው።

«ምን ላድርገው?»

«እጅህን ጥረግበት።»

ሳህኑን አልነካችውም። ዳይሶቹ ስድስት፣ ሰባት፣ ሦስት፣ አምስት እንዳሉ ቀሩ፤ ማየት የፈለገ መጥቶ ይቁጠር።

ደረጃውን ስትወጣ የላይል እናት ማእድ ቤት ውስጥ ቆመው ድንች ይልጣሉ።

«ሲግሪድ፣ ሳትበዪ ወዴት ነው? ድስቱ ምድጃ ውስጥ ነው እኮ!»

«እመለሳለሁ፤ ማይ ኔንግ ጋ ደርሼ ነው።»

«በዚህ ብርድ? ኮፍያሽን ድፊ እንግዲያ።»

ኮፍያዋን ደፋች፣ ቦቲዋን አጠለቀች፣ ማስታወሻውን ካፖርቷ ውስጥ ከደረቷ ጋር ለጠፈችው። ማይ ኔንግ የምትኖረው ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው። ከታች የላይል ድምፅ ይሰማል፤ ለኦጊ ጮክ ብሎ እየቆጠረለት ነበር፤ «ሃያ አንድ… ሲደመር ስድስት…»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በረዶው ላይ ፀሐይ አለ፤ የማይ ኔንግ የጫማ ዱካም ከደጁ ተነሥቶ ወደ መንገዱ ይወርዳል። የላይል ቤት በር ክረምት ሲሆን ያብጣል፤ ካልጎተቱት አይገጥምም። ሲግሪድ ወጣችና በሁለት እጇ ጎትታ ዘጋችው።