አራተኛው ጎማ

«አንዴ ከቆነጠጥሽኝ ደህና ነው፤ ሁለቴ ከቆነጠጥሽኝ ስንጥቅ አለው። ገባሽ?»

አያቷ ያንሾካሾኩ መስሏቸዋል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር ዞሮ አያቸው።

«አባባ፣ ቀስ! ሊነቃብን ነው እኮ!»

የባቡር ወርክሾፑ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ሊከፈት ነው። ድሮ ሳይረኑ ሲጮህ ከተማው በሙሉ ከእንቅልፉ ይነሳ ነበር አሉ። ፉርጎው እዚህ ይበየዳል፣ ሞተሩ እዚህ ይፈታል፤ በመጨረሻ አያቷ እያንዳንዱን የብረት ጎማ በመዶሻ መትተው ያዳምጣሉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ባቡሩ ይሄዳል፤ ከታፈነ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ይቆማል። ለዚህ ነው ሠራተኛው «ጆሮ» ብሎ ያወጣላቸው። ምን ያደርጋል፣ የወርክሾፑ ጩኸት ጆሯቸውን በላው! ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሰሞኑን ብርጭቆ እየመቱ ሲያለማምዷት ነው የከረሙት።

የክፍሏ ልጆች ፉርጎው ላይ ተሳፍረው ያፏጫሉ፤ ግቢውን አንድ ዙር ሊዞሩበት ነው። ከመነሳቱ በፊት ግን እንደ ድሮው ጎማዎቹን እንዲፈትሹ የተጠሩት አያቷ ናቸው።

«አንተ ጆሮ! ቤት ውስጥ ድስት ስትመታ ነው አሉ የምትውለው!» አሉ የድሮ ጓደኛቸው፣ ሽማግሌው በያጅ። ሰው ሳቀ። አያቷ ምንም ሳይሰሙ አብረው ሳቁ።

የመጀመሪያው ጎማ ጥርት አለ፤ ክንዳቸውን አንዴ ቆነጠጠቻቸው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

አራተኛው ግን... ታፈነ እንዴ? ወይስ የልጆቹ ፉጨት ነው?

«ኧረ እንሂድ! ምን ይገትራችኋል?» ብላ ጓደኛዋ ከላይ ጮኸች።

አያቷ ክንዳቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አንዴ ብትቆነጥጥ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ እሳቸውም እንደተከበሩ ቤታቸው ይገባሉ። ግን ተሰንጥቆ ከሆነስ?

ክንዳቸውን ለቀቀች።

«አባባ፣ ይድገሙት!» አለች ወደ ጆሯቸው ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «በደንብ አልሰማሁትም።»

አያቷ ትንሽ አቀረቀሩ። ከዚያ መዶሻውን እጇ ላይ አኖሩላት። «እንግዲያው ራስሽ ምቺው፣ የኔ ልጅ።»

በያጁ መጀመሪያ ጓደኛቸውን፣ ከዚያ ልጅቷን አዩ። ሳቃቸው ጠፋ። «እናንተ ፉጨቱን አቁሙ!» ብለው ወደ ፉርጎው ጮኹ። «ሰው ሥራ ላይ ነው!»

ግቢው ጭጭ አለ። ተንበርክካ መታችው፤ አሁንም ደገመችው። ድምፁ እንደ እንጨት ነው።

ተነስታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ ፉርጎው ቀና አለች።

«ውረዱ» አለቻቸው።