ነጭ አቧራ በባቄላው ላይ

በ፲፱፻፰ ዓመተ ምሕረት፣ ታላቁ ጦርነት ዓለሙን በሚያምስበት ዘመን፣ ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ሲቀረው፣ በቀዩ ኮረብታ ሥር የተዘረጋው የሻለቃው የባቄላ ማሳ አበባ ሳያወጣ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቅጠሉ ከጫፉ ይጠቁራል፤ ግንዱ ከጉልበት አያልፍም፤ ነቅለው ያዩት እንደሆነ ሥሩ አጭርና ጠማማ ነው። ከማሳው በላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ የኖራ አቃጣዩ እቶን ይጨስ ነበር፤ ተቃጥሎ የወጣው ድንጋይ ሲደቆስ የሚነሣው ነጭ አቧራም ቁልቁል እየተነዳ በማሳው ራስጌ ባሉት ትልሞች ላይ ያርፋል።

ሻለቃው ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆን ባቄላ ጎተራ ሙሉ ሊያስረክብ በአገረ ገዥው ፊት ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉን የጠበቀ እንደሆነም የኮሎኔልነት ማዕረግ እንደሚጠብቀው ሹክ ብለውታል። ማዕረግ ከእጁ ሲያመልጥ የሚያይ ሹም ደግሞ ከራሱ በቀር ሁሉንም ይጠረጥራል። ቀና ሲል ነጩን አቧራ አየ፤ ሌላ ማስረጃም አልፈለገም።

ኖራ አቃጣዩ ማሳ በመመረዝ ተከሶ፣ ሚስቱ ቆማ እያየች፣ በአደባባይ ተገረፈ። የፈረደው ዳኛ የሻለቃው የአክስት ልጅ ነው፤ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት እግሩን አንሥቶ ወደ ማሳው አልወረደም። ወርዶ ቢሆን ኖሮ አቧራው ያረፈባቸው የራስጌ ትልሞች ብቻቸውን ለምልመው ባየ ነበር። ይህን ያየችው የኖራ አቃጣዩ ሚስት ናት፤ ያየችውም ከግርፋቱ በኋላ፣ ባሏን በቃሬዛ ይዘው በማሳው ራስጌ ሲያልፉ ነው። ቆም ብላ አንዱን ተክል ነቀለች፤ ሥሩ ረጅም ነበር፤ ዙሪያውንም የጤነኛ ባቄላ ምልክት የሆኑ ትንንሽ እንክብሎች ይዞ ነበር። ለማን ትናገረው? ባሏ ቁስሉ አመርቅዞበት ሳምንቱ ሳይሞላ ሞተ።

እሷም ቂም ቋጠረች። አንዳንድ ሰው ሲመሽ ቋጥሮ ሲነጋ የሚፈታው ዓይነት አልነበረም። ሻለቃውን ከዚያ ማሳ ተነቅሎ፣ ተዋርዶ ሲሄድ በዓይኗ እስክታይ ድረስ ሌላ ምኞት እንዳይኖራት ወሰነች፤ አልኖራትምም። የባሏን መዶሻ አነሣች፤ እቶኑን ማንደድ ቀጠለች፤ አቧራው ፀጉሯንና ቅንድቧን ስላለበሰው ሰዉ «ነጯ» ይላት ጀመር። በእነዚያ ወራት እህል ውኃ የሚያቀምሳት አንዲት ጎረቤቷ ብቻ ነበረች፤ የሻለቃው ጭሰኛ ሚስት ናት፤ የራሷን ልጆች ሳታበላ ለነጯ ታደርስ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የመንግሥት የእርሻ መርማሪ ወደ ግዛቱ መጣ። ከማሳው አፈር ዘግኖ በጠርሙስ ውስጥ በውኃ በጠበጠ፤ ቀለም የሚለውጥ ወረቀት ነከረበት፤ ከዚያም በሻለቃው፣ የእርሻውን ሥራ በሚመራው መጋቢውና በተሰበሰበው ጭሰኛ ፊት አፈሩ መኮምጠጡን፣ ባቄላም በኮምጣጣ አፈር ሥር እንደማይሰድ፣ መድኃኒቱም ኖራ መሆኑን አስረዳ። ደግሞም ቀይ አፈር ተመልሶ የመኮምጠጥ ጠባይ ስላለው ኖራው በየጥቂት ዓመቱ መታደስ እንዳለበት አስጠነቀቀ። መቼና እንዴት እንደሚበተን ሲጠየቅ «ኖራ አቃጣያችሁን ጠይቁ» አለና ወደ ጦር ግንባር ተጠርቶ ሄደ። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድም ሰው የሻለቃውን ፊት ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። ሰው የገደለበት አቧራ የመሬቱ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ።

ሻለቃውም ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ መጋቢውን አስከትሎ፣ ወደ እቶኑ ወጣ። ስለ ባሏ ቃል አልተነፈሰም፤ ኖራ እንደሚፈልግ፣ አበዛዙንና አበታተኑን እንድትነግረው ብቻ ጠየቃት። ነጯ እጅ ነሥታ ቆመች። የኖራ ሠራተኛ ሁሉ እጅ እንደሚያውቀው፣ ውኃ ያልጠገበ ትኩስ ኖራ እርጥበት ሲያገኝ ይፈላል፤ ቆዳ ይልጣል፤ እርጥብ መሬት ውስጥ ከዘር ጋር ከገባም ዘሩን ይቀቅለዋል። ተበትኖ፣ ታርሶ፣ ጥቂት ዝናብ ወርዶበት ሲበርድ ግን ለዘር ይመቻል።

«ከእቶን እንደወጣ፣ በትኩሱ ይበትኑት፤» አለችው። «በዚያው ዕለት ዘሩን ይዝሩበት። ካደረ ኃይሉ ይተናል፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው ጥቂት አያትና ተመልሶ ወረደ። እሷም ከልቧ ደስ አላት። ለዘር የተቀመጠው ባቄላ በግዛቱ የቀረው የመጨረሻው ነው፤ እሱ መሬት ውስጥ ተቀቅሎ ከቀረ ሻለቃው በአገረ ገዥው ፊት የሚያቆመው እግር የለውም። የእቶኑን እሳት እንደዚያ ሳምንት ተግታ አንድዳው አታውቅም።

ኖራው ተበተነ፤ ከአፈሩ ጋርም ታረሰ። ዘሪ ግን አልመጣም። ነጯ በየማለዳው ከኮረብታው ላይ ሆና ማሳውን ታይ ነበር፤ ዝናብ ወረደ፤ በድጋሚ ታረሰ፤ አሁንም ዘሪ የለም። የመጋቢው ስንፍና ነው ብላ በሆዷ ሰደበችው። ዘሩ የገባው ኖራው በርዶ፣ አፈሩ ሰክኖ፣ እሷ ተስፋ ቆርጣ ማየቱን ልትተው ስትል ነበር። በዚያ ዓመት ባቄላው ሰው አከለ። ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ፤ ዛላው ከታች እስከ ላይ ተንዠረገገ፤ ጭሰኞቹ ማሳው ውስጥ ገብተው እየሳቁ ይጠፋፉ ነበር።

አገረ ገዥው ራሳቸው በአውድማው ተገኝተው ምርቱን አዩ፤ ሻለቃውንም በሕዝብ ፊት ኮሎኔል ብለው ሾሙ። አዲሱ ኮሎኔል ንግግር አደረገ፤ ነጯንም አስጠርቶ «ታማኝ አገልጋያችን» ብሎ አመሰገናት፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ሰዉ ሲበተን ግን ወደ ጎተራው ውስጥ ይዟት ገባና በሩን ገርበብ አድርጎ ያልጠበቀችውን ነገራት።

«በዚያው ዕለት ዝራ ስትዪኝ ተንኮልሽ ያን ጊዜውኑ ገባኝ፤» አለ። «ባሏን የገደልኩባት ሴት ለእኔ ደግ ምክር አትመክርም አልኩና ያልሽውን ገልብጬ ሠራሁ። የእኔ መጋቢዎች ሁሉ ይዋሹኛል፤ እነሱ መቼ እንደሚዋሹኝ ግን አላውቅም። አንቺ ግን ሁልጊዜ እንደምትጠዪኝ ስለማውቅ ከእነሱ ትሻያለሽ። ከእንግዲህም ያንቺን ጥላቻ እያየሁ አርሳለሁ።»

ይህን ብሎ ሳቀ። ነጯ ጥርሷን ነክሳ ወጣች፤ ኮረብታውን ስትወጣ በውርደት እንባዋ ይወርድ ነበር። ቂሟን ራሱን ለማዕረግ መወጣጫ አድርጎ ወስዶባት ነበርና ያ ግርፋት በእሷ ጀርባ ላይ እንደ አዲስ የተደገመባት መሰላት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነጯ ያለ ማጉረምረም ኖራ አቃጠለች። ለኮሎኔሉ ማሳ ብቻም አልነበረም፤ የጭሰኞቹም ቁርጥራጭ መሬት ኖራ ይደርሰው ጀመር፤ የጎረቤቷ ልጆች ፊታቸው ወዛ፤ የሣር ጣሪያቸውም ታደሰ። ኮሎኔሉ የስንዴውንና የገብሱን መሬት ሁሉ ባቄላ አደረገው፤ ለመንግሥት የሚያስረክበውንም እጥፍ አድርጎ በጽኑ ቃል ገባ። ነጯ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። ሰውየው ሙሉ ክብደቱን በእሷ እቶን ላይ እስኪጥል ድረስ ታገሠች። የመርማሪውን ማስጠንቀቂያ አልረሳችም፤ አፈሩ ተመልሶ መኮምጠጥ ሲጀምር፣ የባቄላው የታች ቅጠል ቢጫ ሲል፣ ከማንም በፊት አየችው።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ እቶኑ ግሎ ቀይ በሆነበት ሰዓት፣ ውኃ ለቀቀችበት። ድንጋዩ እየጮኸ ተሰነጠቀ፤ ጉልላቱ ወደ ውስጥ ተናደ። ለመጡት ሰዎች እቶኑ አርጅቶ እንደተናደ ነገረቻቸው።

ኮሎኔሉ ሲሰማ በፈረስ ጋለበ፤ በዚያኑ ዕለት መልሳ እንድትሠራው አዘዛት።

«እኔ ማንደድ እንጂ መሥራት አላውቅም፣ ጌታዬ፤» አለችው። «ድንጋዩን እንዴት ደርድሮ ጉልላቱን እንደሚያቆመው የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። እሱን ገርፈው ቀበሩት።»

ውሸት ነበር። ያን እቶን ከባሏ ጋር ሁለት ጊዜ አፍርሳ ሠርታዋለች፤ የጉልላቱን መዝጊያ ድንጋይ የምታስገባው እንዲያውም እሷ ነበረች፤ የባሏ ክንድ ወፍራም ስለነበረ በቀዳዳው አያልፍም። ነገር ግን ለዚህ ምስክር የሚሆነው ሰው መቃብር ውስጥ ነው፤ ኮሎኔሉም ሌላ ምስክር እንደሌለ አወቀ። ያቺን ሴት ገልብጦ ማንበብ የለመደ ሰው በዚህኛው ቃሏ ላይ ቆመና ግራ ገባው፤ ትችላለች ቢል ማስረጃ የለውም፤ አትችልም ቢል ጥፋቱ የራሱ ነው። አሰራት፤ ቃሏን አልለወጠችም፤ ፈታት። ግንበኞች ቀጥሮ አስሞከረ፤ ጉልላቱ በራሳቸው ላይ ወረደ። ሩቅ ካለ እቶን ኖራ በአህያ ሲያስመጣ በመንገድ ላይ ዝናብ ደረሰበትና ኖራው በስልቻው ውስጥ ፈልቶ የእንስሳቱን ጀርባ ላጠው፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴ ሁሉ ጭነቱን እምቢ አለ።

ማሳው እንደገና ቢጫ ለበሰ። በሁለተኛው የከሸፈ ምርት ኮሎኔሉ ግዛቱን ተነጥቆ፣ ማዕረጉ ከስም ያላለፈ ሆኖ፣ ያለ አጃቢ በበቅሎ ሲሄድ ነጯ መንገድ ዳር ቆማ አየችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዓመታት የተመኘችውን አገኘችና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታዋ ሙሉ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጎረቤቷ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ነጯ ቤት መጣች። የእነሱም ቁራጭ መሬት ዘሩን እንኳ አልመለሰም ነበር፤ አዲሱ ሹም ከጭሰኞቹ ግማሹን አሰናብቷል፤ ታናሹ ልጇ በዚያ ረኃብ ሞቷል።

«እህቴ፣ ለኮሎኔሉ ያልሽውን አልጠይቅሽም፤» አለች። «ለእኔ ንገሪኝ። እቶኑን መሥራት ትችያለሽ?»

ነጯ ዓይኗን ወደ ፈረሰው እቶን መለሰች። እችላለሁ ብትል ስለ ሞተው ልጅ ምን ልትላት ነው?

«አልችልም፤» አለች።

ጎረቤቷ አመነቻት። አቅፋ ሳመቻት፤ የቀራትን አንድ ምንቸት ትታላት ከባሏና ከተረፉት ልጆቿ ጋር ሄደች።

ስለዚያ ዘመን የጻፉ ሊቃውንት፣ ኮሎኔሉ ኮምጣጣውን አፈር በኖራ አድኖ የባቄላን ምርት ያበዛ የመጀመሪያው ሹም መሆኑን በክብር ያነሣሉ፤ ጥበቡ ባልታወቀ ምክንያት ተቋርጦ ሕዝቡ መጎዳቱንም በአንድ መስመር ያልፉታል። ስለተገረፈው ሰው የሚሉት የለም፤ ስለ ሞተውም ልጅ እንዲሁ። ታሪክ ለአንድ ሰው ክብር፣ ለብዙ ሰው ዝምታ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለምና አያስደንቅም። ነጯ ግን እስከ እርጅናዋ ኖረች፤ ምክንያቱን አጠገቧ መጥቶ የጠየቃት ጸሐፊ አልነበረም፤ ጠይቋት ቢሆን ኖሮም የኮሎኔሉን ነገር ሳትፈራ ትነግረው ነበር እንጂ የጎረቤቷን ነገር አትነግረውም።