ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ

«ንቀዪው እንጂ፣ እየሩስ!» አለ ቲቸር አምደሚካኤል።

እየሩስ የሰርቨሩን የኤሌክትሪክ ገመድ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ከኋላዋ የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ተጋፍተው ቆመዋል፤ ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ አልጣሽ ክንዳቸውን አጣምረው ስክሪኑን ያያሉ። የተማሪዎች ውጤት የሚያዝበት ዳታቤዝ በሁለት ሰርቨሮች ላይ እንዲሠራ ታስቧል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀበለዋል። ልጆቹም ማኅሌት ላይ በቀኝና በግራ ቆመው በሚቀባበሉት መሪዎች ስም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ብለዋቸዋል። ዛሬ ቀኝ ጌታ ተነቅሎ ግራ ጌታ ሲቀበለው ሊታይ ነው።

«ካልሠራ ሁለቱም ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳሉ፤ እኔም በመዝገቤ እቀጥላለሁ» ብለዋል ወይዘሮ አልጣሽ።

ይህን ቅብብል የሚያሠራውን ሶፍትዌር የጫነችው እየሩስ ናት። ቀኝ ጌታ ላይ ጭና ስትጨርስ፣ መረጃው ያለበት ዲስክ የሁለቱም የጋራ ስለሆነ ለግራ ጌታም የበቃ መስሏት ነበር። ዛሬ በእረፍት ሰዓት መመሪያውን ስታነብ ነው እዚያም ለብቻው መጫን እንዳለበት ያየችው። የነገረችው ለጓደኛዋ ለመቅዲ ብቻ ነው።

መቅዲ ጠጋ አለቻት። «ሮጬ ቆጣሪውን ላውርደው?» ስትል አንሾካሾከች። «መብራት ሄደ እንላለና! ማርቆስ ከተማ ውስጥ በየቀኑ ይሄድ የለ፣ ማን ይጠረጥራል?»

እየሩስ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። እውነትም ማንም አይጠረጥርም። ግን አንድ ቀን፣ ምናልባት ልክ በፈተና ሰሞን፣ ቀኝ ጌታ የምሩን ይሞታል። ያኔስ?

ገመዱን ለቀቀችው።

«ቲቸር፣ ግራ ጌታ ላይ አልጫንኩትም። አንዱ ይበቃል ብዬ ነው።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቲቸር አምደሚካኤል ግን በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበርና ሳቁን መያዝ አቃተው። «ስሙልኝማ! ግራው አንድ ቃል ሳያጠና ማኅሌት ሊቆም ነበር!»

ወይዘሮ አልጣሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በይ ጫኚው፤ እጠብቃለሁ። ሰዓቴን ግን እያየሁ ነው።»

መቅዲ መመሪያውን ጮክ ብላ እያነበበች፣ እየሩስ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እያስደገመች ጫነችው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ የቀኝ ጌታን ገመድ ነቀለች።

የተማሪዎቹ ዝርዝር ከስክሪኑ ላይ ጠፋ።

«አንድ! ሁለት! ሦስት!» ልጆቹ በአንድ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ የተማሪዎቹ ስም ከነውጤቱ ተመልሶ መጣ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እልልታውን ያቀለጡት ራሳቸው ወይዘሮ አልጣሽ ነበሩ።

መቅዲ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። «አለቀ! ነይ ሻይ ቤት፤ ጋባዧ አንቺ ነሽ።»

እየሩስ ቀኝ ጌታን መልሳ ሰካችና እስኪነሳ ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የግራ ጌታን ገመድ ያዘች።

«ቆይ» አለች፣ «በዚህኛውም በኩል ልሞክረው።»