ቆርኪ ላይ የቆመው ባንዲራ ያዥ

ብታምኑኝ እሰየው፤ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው «ሰውዬው የቀለም ሽታ ናላውን አዙሮት ነው» እል ነበር።

ግን ሆኗል። በገዛ ቤቴ፣ በእነዚህ እጆቼ።

ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬን ሞልታዋለች።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ከጣት የማይበልጡ የብረት ወታደሮች አሉን። እኔ ቀለም እቀባቸዋለሁ፤ እሱ የድሮ ጦርነት እያነሳ ጠረጴዛ ላይ ያዋጋቸዋል። የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጦ ባያውቅም «ሻለቃ» የምንለው ለዚህ ነው።

ሻለቃ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐሙስ የሐሞት ጠጠር አወጡለት፣ ሰኞ ይወጣል። «ስመጣ ጦሩ ተሰልፎ ይጠብቀኝ» ብሎ አዞኛል። ታሞም ያዛል።

የቀረኝ አንድ ባንዲራ ያዥ ነበር። ዓይኑን ሠርቼ ስጨርስ ተንኮል መጣብኝና ግራ ጉንጩ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ጣል አደረግሁበት። ሻለቃን ማርያም የሳመችው እዚያው ጋ ነው።

ቁርጥ እሱን መሰለ። አይቶ እንዲስቅ ነበር ሐሳቤ።

አቆምኩት... በግንባሩ ተደፋ።

ጠረጴዛው ደልዳላ ነው። ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኙ ንቅንቅ አላሉም።

መልሼ አቆምኩት። ብሩሼን አጥቤ ዞር ስል...

የለም።

ከሰልፉ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ከኋላው፣ ያነጠፍኩት ጋዜጣ ላይ፣ ካልደረቀው የጫማ ቀለሙ የቀረ ዱካ አለ። ግራ... ቀኝ... ግራ... ቀኝ...

እያንዳንዱ ዱካ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል።

ባለቤቴ ጋ ልደውል አልኩና ተውኩት። ምን ልላት ነው? ድሮም «አሻንጉሊት ሲያጫውት የሚውል ባል ሰጠኝ» ትላለች።

እኔ ደግሞ ስፈራ እልኸኛ ነኝ። ሱፐር ግሉ አወጣሁና ሁለት እግሩን ቆርኪ ላይ ለጥፌ፣ እስኪይዝ ድረስ በጣቴ ተጫንኩት።

«በል እስቲ አሁን ሂድ» አልኩት።

ስልኬ ጮኸ። ሻለቃ ነው።

በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«እግሬን...»

«ምን ሆነ?»

«ነርሷ ተራመድ ብላኝ ተነሳሁ... መጀመሪያ በግንባሬ ተደፋሁ። እንደገና ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ ሁለቱም ቀጥ አሉ። ወለሉ ላይ ተጣብቀዋል... ሦስት ሰው እየጎተተኝ ነው።»

ክው አልኩ። ቆርኪውን አየሁ።

የባንዲራ ያዡ ቁርጭምጭሚት ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል። ሲጎትቱት ይሰበራል። ስንቱን እንዲህ ሰብሬያለሁ!

«እንዳይጎትቱህ! ተዉ በላቸው!»

ሮጬ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶኑን አመጣሁ። ሙጫ ይፈታል። ከጥድፊያዬ ጠብ ማድረግ ሲገባኝ ደፋሁበት።

«ተላቀቀ!» አለ ሻለቃ። ሳቀ እንኳ።

ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሻለቃ ጠራኝ።

«አንተ...»

«አቤት?»

«መብራቱን ማን አጠፋው?»

መስኮቱን አየሁ። ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች።

አሴቶን ሙጫ ብቻ አይፈታም፤ ቀለምም ያስለቅቃል። ባንዲራ ያዡን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ፊቱ ባዶ ብረት ነው። ዓይን የለውም።

ብሩሼን አነሳሁ። ጫፉን በከንፈሬ አሾልኩ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ነጭ... መሀሉ ላይ ጥቁር...

አንድ ዓይን።

በስልኩ ውስጥ ነርሷ «ጋሼ... ጋሼ...» ስትል ይሰማኛል። እሱ አይመልስላትም።

የወንድሜ ድምፅ የመጣው ከጠረጴዛው ላይ ነው።

«አየሁህ...» አለኝ። «ምነው እንዲህ ትልቅ ሆንክ?»